ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ያለ የመሠረት ድንጋይ

የዋርካ ሜዳ ወረዳ ሕዝባዊ ሥራዎች ጽሕፈት ቤት ሦስት አገልግሎቶች ይሰጣል። የመሠረት ድንጋይ ይጥላል፤ የተጣለውን የመሠረት ድንጋይ ለተሻለ ዕይታ ከቦታ ወደ ቦታ ያዛውራል፤ ድንጋዩ የተጣለበትን ቀን ደግሞ በየዓመቱ ያከብራል። መንገድ መጥረግ፣ ቦይ መክፈት፣ ድልድይ መሥራት የሚባሉት በቅድመ አያቶቻችን ዘመን የነበሩ አገልግሎቶች ናቸው። የመጨረሻው ግሬደር አሁንም ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ዶሮዎች ይታቀፉበታል።

ማንም ክፉ አስቦ አይደለም እዚህ የደረስነው። በጀት የሚመድበው ማእከል ሰው መሆኑ ቀርቶ ማሽን ሲሆን፣ ማሽኑ መቁጠር የሚቀለውን ነገር ወደደ። መንገድ ዓመታት ይፈጃል፣ መሃል ላይ ይቆማል፣ ዝናብ ያበላሸዋል፤ ለመቁጠር አይመችም። የመሠረት ድንጋይ ግን ጠዋት ይጣላል፣ ከምሳ በፊት ይቆጠራል። ስለዚህ ገንዘቡ ቀስ በቀስ ወደ ድንጋዩ ሄደ፤ ጽሕፈት ቤቱም ገንዘቡን ተከተለ። እናንተም ብትሆኑ ትከተሉ ነበር።

እኔ ጓንጉል እባላለሁ፤ የቀበሌያችን የጭብጨባ አስተባባሪ ነኝ። ድንጋይ ሲጣል ሕዝቡን አሰልፌ አስጨበጭባለሁ። በየምሰሶው ላይ ጆሮ የምንለው ዕቃ ተሰቅሏል፤ ጭብጨባው ከልብ ይሁን ከአንገት በላይ ለይቶ ለማእከል ይነግራል። ከልብ ከሆነ በጀቱ ያድጋል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እኛ ግን ለማጨብጨብ አንጀታችን እሺ ብሎን አያውቅም። በእኔ ዘመን ጆሮው አንድም ቀን አረንጓዴ በርቶ አያውቅም። ሁሌም ቢጫ ነው። ቢጫ ማለት «ሕዝቡ ተገኝቷል» ማለት ነው።

ድንጋዮቹን በተመለከተ አንድ ደንብ አለ፤ አዲስ ኃላፊ የሚጥለው ድንጋይ ካለፈው ኃላፊ ድንጋይ መብለጥ አለበት። መጀመሪያ የተጣለው፣ የጤና ጣቢያው፣ ትራስ ያህላል። የትምህርት ቤቱ መሶብ ያህላል። የዩኒቨርሲቲው የተኛች ጊደር ያህላል። በአካባቢው ሐይቅ የሚባል ነገር ሳይኖር የዓሣ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ ድንጋይ አለን፤ ከመሬት በታች የሚሄድ ባቡር ድንጋይ አለን፤ በቅርቡም የጠፈር መንኮራኩር ማረፊያ ድንጋይ ተጥሎልናል፤ እሱ የገብስ ክምር ነው የሚመስለው። አገራችን ጥቁር አፈር ነው፤ ለጉልቻ የሚሆን ጠጠር እንኳ ተፈልጎ አይገኝም። እነዚህ ሁሉ ጥርብ ድንጋዮች ግን ከሩቅ አገር በመንግሥት ማጓጓዣ እየመጡ በየሜዳው ተቀምጠዋል። ከብቶቻችን ይታከኩባቸዋል።

ከሁሉ በላይ ድንጋይ የተጣለለት የአጓት ወንዝ ድልድይ ነው። ውሃው ነጣ ስለሚል ነው አጓት የተባለው። ድሮ የእንጨት ድልድይ ነበረው አሉ፤ «ለአዲሱ ድልድይ ቦታ ይልቀቅ» ተብሎ ፈረሰ፤ ከዚያ ወዲህ የመጣ ኃላፊ ሁሉ ዳርቻው ላይ አንድ አንድ ድንጋይ አስቀምጦ ሄዷል። በበጋ በእግራችን እንሻገራለን። ክረምት ሲገባ አሻጋሪ ድሮን አለ፤ አንድ ሰው አንጠልጥሎ ማዶ ያደርሳል።

የጎረቤቴ የእታፈራሁ ችግር የጀመረው ከዚህ ድሮን ነው።

እታፈራሁ ልጇን ዘመናይን ማዶ ድራለች። ዘመናይ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ስልጣኔው የቱንም ያህል ቢረቅ ያልተነካ ነገር ቢኖር የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ይወለዳል የሚለው ልማዳችን ነው። ዘመናይ ከእናቷ ሌላ ማንም እንዲያዋልዳት፣ ማንም እንዲያርሳት አትፈልግም፤ እናቷ ደግሞ የገንፎውን ቅቤ ካነጠረች ቆይታለች። ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ወንዙ ከወትሮው ቀድሞ ሲሞላ፣ ዘመናይ ልትሻገር ድሮኑ ላይ ተቀመጠች። ድሮኑ ቀበቶዋን አሰረላትና እንዲህ አላት፦

«የተመዘገበ ተሳፋሪ አንድ፤ የልብ ምት ሁለት። ሁለተኛው ተሳፋሪ መታወቂያውን ያሳይ።»

«ገና አልተወለደም!» አለች ዘመናይ።

«ሲወለድ መታወቂያውን ይዞ ይምጣ» አለና ቀበቶዋን ፈታላት።

እናት ከወዲህ ማዶ፣ ልጅ ከወዲያ ማዶ፣ መሃል ላይ ውሃ። እታፈራሁ የዚያን ዕለት ከዳርቻው እየጮኸች ልጇን ስታባብል ቆይታ፣ ወደ ቤት ስትመለስ ድምጿ አልቆ ነበር። ውሃው ገና ወገብ አልደረሰም፤ ግን ስምንት ወር የገባትን ሴት ማን ደፍሮ ያሻግራታል? ባለፈው ዓመት አንድ በሬ ወስዷል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

በማግስቱ ይዛኝ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። ድምፅ ስላልነበራት ላግዛት ነው የሄድኩት።

እዚያ ሰው የለም። ኃላፊው አቶ ቢያድግልኝ ለሥነ ሥርዓት ካልሆነ አይመጣም። ያለችው መስኮቷ ናት። መስኮቷ ትናገራለች፤ ድምጿ የለሰለሰ፣ ትሕትናዋ የሚያናድድ ነው።

«እንደምን አደሩ የኔ እናት። ድንጋይ ለማስጣል ነው፣ ለማዛወር ነው፣ ወይስ ለማክበር?»

«ድልድይ ለማሠራት» አልኩ እኔ።

«ድልድይዎ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» አለች መስኮቷ። «የመሠረት ድንጋዩ ተጥሏል፤ ግንባታው በቅርቡ ይጀመራል።»

«መቼ ነው በቅርቡ?»

«በቅርቡ።»

እታፈራሁ በተሰነጠቀ ድምጿ ገባችበት። «እሺ እኛው እንሥራው። እንጨት ከራሳችን፣ ጉልበት ከራሳችን።»

«የመሠረት ድንጋይ በተጣለበት ቦታ ሌላ ግንባታ ክልክል ነው፣ የኔ እናት። ለድንጋዩ ክብር ሲባል ነው።»

እኔ ተስፋ ቆርጬ ልወጣ ተነስቻለሁ። እታፈራሁ ግን አልተነቃነቀችም። ገበያ ላይ ዶሮ እየተከራከረች ያደገች ሴት ናት፤ አንድ ነገር ተወደደ ሲባል ወደ ሌላው ትዞራለች።

«ማዛወርም አለ አልሽኝ ልጄ?»

«ለተሻለ ዕይታ ከሆነ ይፈቀዳል። ጽሑፉ መታየት አለበት፤ ድንጋዩ መሰበር የለበትም፤ ከወረዳው መውጣት የለበትም።»

«ሁሉንም ወደ ወንዙ ዳር እንውሰዳቸው። ማዶም ያለ ሰው እንዲያያቸው።»

መስኮቷ ትንሽ አሰበች። «ለማዶው ሕዝብም ዕይታ! እጅግ ደስ የሚል ሐሳብ ነው። እንዴት ነው የሚቀመጡት?»

«ተደጋግፈው» አለች እታፈራሁ።

«ተፈቅዷል። መልካም ቀን።»

ግሬደሩ አጠገብ ስንደርስ እታፈራሁ ሳቀች፤ ድምፅ ስለሌላት ትከሻዋ ብቻ ነበር የሚነቃነቀው።

ግንበኛ ያለን አንድ ሰው ነው፣ መኩሪያ። የሚገነባ ነገር በሌለበት አገር ግንበኛ ሆኖ ስለተወለደ ዕድሜውን ሁሉ የመቃብር ሐውልት ሲሠራ ኖሯል። ነገሩን ስንነግረው ዓይኑ እንባ አዘለ። «ለቆመ ሰው ልሠራ ነው?» አለ። ከዚያ ድንጋዮቹን እየዞረ በስንዝር ለካ፤ የጠፈር ማረፊያውን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ።

ደቦው ተጠራ። ደቦ የጠራ ያበላል፤ እታፈራሁ ጠላ ጠመቀች፣ ንፍሮ ቀቀለች፣ እኔ የጭብጨባ ቡድኔን በሙሉ ይዤ መጣሁ። ለማጨብጨብ ስጠራቸው ሆዴን ቆረጠኝ፣ ጥርሴን አመመኝ ከሚሉት ሁሉ ያን ቀን አንድም ሰው አልቀረም።

ድንጋዮቹን የጎተቱልን የኤሌክትሪክ በሬዎች ናቸው። ስማቸው እንደ ድሮው ነው፤ ቡሬ፣ ጎሽሜ፣ ዳለቻ እንላቸዋለን፤ ጅራፍም እናጮህላቸዋለን፣ ካልጮኸ እኛ ደስ አይለንም። አንድ ጉድለት አላቸው። የሠራቸው ኩባንያ ገበሬውን ለማስደሰት ብሎ በዓላቱን በሙሉ ጭኖባቸዋል፤ ዓመታዊውን፣ ወርኃዊውን፣ ቄሶቹ ራሳቸው የረሱትን ሁሉ። በሬው ጎጆ የሚያህል ድንጋይ እየጎተተ መንገድ አጋማሽ ላይ ቀጥ ይልና «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ ይተኛል። ከዚያ በኋላ ብትገፋው፣ ብትለምነው፣ ብትሰድበው አይነሳም። የዩኒቨርሲቲው ድንጋይ በዚህ ምክንያት የአንድ ሰው ጓሮ ውስጥ ሁለት ቀን አደረ። የቤቱ ባለቤት ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገባ ብሎ ጠላ አጠጣን።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ። መኩሪያ መጀመሪያ በወንዙ ላይ ከባሕር ዛፍ ርብራብ ሠራ፤ ድንጋይ የሚሸከም እንጂ ነፍሰ ጡር የምትረግጠው አይደለም፤ ድንጋዮቹን ከሁለቱም ዳርቻ በርብራቡ ላይ እያጎበጠ ደረደራቸው። ጽሑፉ መታየት አለበት ስለተባለ ስሞቹን ሁሉ ወደ ውጭ አዞራቸው። ጤና ጣቢያው ከሥር፣ ትምህርት ቤቱ ከላዩ፣ የዓሣ ፋብሪካው አጠገቡ። ትልቁን የጠፈር ማረፊያ በወዲህ በኩል ዳርቻው ላይ አስቀመጠው፤ ግፊቱን ሁሉ የሚይዘው እሱ ነው አለ። የቀድሞ ኃላፊዎች በሙሉ፣ በሕይወት ሳሉ የማይነጋገሩት እንኳ፣ ጎን ለጎን ሆነው ተደጋገፉ።

ከማዶ ዘመናይ በየቀኑ እየመጣች ትቀመጥ ነበር። መጀመሪያ መሬት ላይ ትቀመጥ ነበር፤ ሆዷ ሲገፋ ባሏ ወንበር ያመጣላት ጀመር። እናትና ልጅ በወንዙ ላይ ይጮሃሉ። «በላሽ?» «በላሁ!» «ምን በላሽ?» መላው ደቦ ዘመናይ ምን እንደበላች ያውቅ ነበር።

ሐምሌ ሲገባ ድንጋይ አለቀ። ቅስቱ ከወዲህም ከወዲያም መጥቶ መጥቶ፣ መሃሉ ላይ ባዶ ቀረ። አንድ ድንጋይ ብቻ ነው የጎደለው።

«ያችን ካላገኘን ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው» አለ መኩሪያ። «አሁን የያዘው እንጨቱ ነው። እንጨቱን ደግሞ ያውላችሁ፣ ውሃው እየነካው ነው። የመሃሉ ድንጋይ ከገባ ግን እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ እንጨቱ ቢሄድም አይወድቁም።»

ወረዳውን አሰስን። አንድ የቀረ የመሠረት ድንጋይ የለም። ወፍጮ ድንጋይ ልስጥ ያለች ነበረች፤ ትንሽ ነው። የመቃብር ሐውልት ልል ደግሞ አፌን ሳልከፍት መኩሪያ ዓይኑን አፈጠጠብኝ።

በዚያን ዕለት ማዶ ያለው የዘመናይ ባል ጮኸ። «እማማ! ምጥ ሳይሆን አይቀርም!»

«እንዴት እንዴት ያደርጋታል?» ጮኸች እታፈራሁ።

«መጣ፣ ሄደ!»

እታፈራሁ ነጠላዋን መቀነት አድርጋ አሰረችና ወደ ጽሕፈት ቤቱ በረረች፤ እኔም ከኋላዋ። መስኮቷ ፊት ስትደርስ ትንፋሽ አልነበራትም።

«እንደምን ዋሉ የኔ እናት። ለማስጣል ነው፣ ለማዛወር ነው፣ ወይስ ለማክበር?»

«ለማስጣል!» አለች። «የድልድዩ የመሠረት ድንጋይ ይጣልልን። አዲስ። ትልቅ። አሁኑኑ!»

መስኮቷ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከሕዝብ ቀርቦላት አያውቅም። ስትመልስ ድምጿ ተንቀጥቅጦ የነበረ ይመስለኛል፣ ማሽን ይንቀጠቀጣል ከተባለ። «ሕዝቡ ራሱ ጠየቀ? ወዲያውኑ ይፈጸማል። ስለ ድንጋዩ ቅርፅ ምርጫ አለዎት?»

«ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ያለ።» አንድ ገመድ ከመቀነቷ ፈትታ ልኩን አሳየች፤ መኩሪያ ነው ለክቶ የቋጠረላት።

«ምክንያት?»

«ለተሻለ ዕይታ» አልን ሁለታችንም በአንድ ድምፅ።

አቶ ቢያድግልኝ ከሰዓት በኋላ በማጓጓዣ መጣ። ድንጋዩ ከማጓጓዣው ሆድ ሥር ተንጠልጥሎ ነበር፤ አዲስ ተጠርቦ የወጣ፣ ስሙ የተቀረጸበት፣ ከላይ ሰፋ ከታች ጠበብ ያለ። ደንቡ ደንብ ነውና ከጠፈር ማረፊያው በጣት ያህል ይበልጣል። መኩሪያ ይህን አስቀድሞ አስልቶ ባዶውን አስፍቶት ነበር።

ስለ አቶ ቢያድግልኝ ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። እንደ ማንኛውም ኃላፊ የዕቅድ መነጽር ያደርጋል። በዚያ መነጽር ሲታይ የታቀደው ሁሉ ተሠርቷል። እኛ ጥቁር አፈር በምናይበት እሱ አስፋልት ያያል፤ እኛ ከብት በምናይበት ሆስፒታል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ፤ እሱ ግን ወተቱንም ያየዋል። ክፉ ሰው አይደለም። ሁሌም ደስ ብሎት ነው የሚመጣው፤ በሚያየው አገር ማን የማይደሰት አለ?

«አቤት ድልድይ!» አለ ወንዙ ጋ ሲደርስ። ሁላችንም ደነገጥን። ከዚያ ትዝ አለን፤ ሁሌም እንደዚያ ነው የሚለው።

«ጌታዬ፣ ድንጋዩን መሃሉ ላይ ነው የምንፈልገው» አለች እታፈራሁ።

«መሃሉ ላይ ይሁና!» አለ። ለዓይኑ ያለቀ ድልድይ መሃል ላይ የመሠረት ድንጋይ መጣል ምንም አልከነከነውም፤ ሥራው ነው። ድንጋዩን የሚያወርደውን ገመድ ይዞ፣ እጁን ለሕዝቡ እያወዛወዘ፣ ድልድዩ ላይ ወጣና ወደ መሃሉ መራመድ ጀመረ።

በእሱ መነጽር ባዶው ቦታ የለም። እግሩን አንስቶ ወደ ባዶው ሊያሳርፍ ሲል እታፈራሁ የኮቱን ጅራት ጨምድዳ ያዘችው።

«ምንድን ነው?» አለ።

«ሪባን አለ ጌታዬ» አለች። «ገና አልተቆረጠም።»

«ይቅርታ፣ ይቅርታ» ብሎ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ዝናቡ ላይኛው አገር ዘንቦ ኖሮ ውሃው ሲያጉረመርም ይሰማል። ርብራቡ ሲንቋቋ ይሰማል። ከማዶ ዘመናይ ወንበሯን ትታ ቆማለች፤ የባሏን አንገት ይዛለች፤ አሁን የመጣው ምጥ አልሄደም።

«ትንሽ ወደ ግራ ጌታዬ» አለ መኩሪያ።

«ወደ ግራ?»

«ለካሜራው ነው» አልኩ።

«እሺ፣ እሺ።»

«ትንሽ ወደ እኔ። ትንሽ። በቃ! ይልቀቁት!»

አቶ ቢያድግልኝ ገመዱን ለቀቀ። ድንጋዩ ወረደ። ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ብሎ ባዶው ውስጥ ገባና እንደ ቡሽ ተቀረቀረ፤ አዋራው ቦነነ። በዚያው ቅጽበት ደራሽ ውሃው መጣ። የባሕር ዛፉን ርብራብ አንስቶ እንደ ክብሪት እንጨት ሰባበረው፤ እየጠቀለለ ወሰደው።

ጤና ጣቢያው ትምህርት ቤቱ ላይ ተደገፈ፤ ትምህርት ቤቱ ባቡሩ ላይ፤ ባቡሩ አዲሱ የድልድይ ድንጋይ ላይ። አንድ ጊዜ ሲጢጥ የሚል ድምፅ ወጣ። ከዚያ ዝም አለ። ሥሩ ውሃ ብቻ ነው፤ ድልድዩ ግን ቆሟል።

መጀመሪያ ያጨበጨበው ማን እንደሆነ አላውቅም። እኔ አላዘዝኩም። መኩሪያ ያለቅሳል፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ ሕዝቡ መዳፉ እስኪቀላ ያጨበጭባል፤ እኔ ራሴ፣ ዕድሜዬን ሙሉ በደሞዝ ያጨበጨብኩት ሰው፣ እጄ በራሱ ሲሄድ አየሁት። በየምሰሶው ያለው ጆሮ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ዞረ። ዳር እስከ ዳር ዞረ። አረንጓዴው ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር፤ የበቀለ ጤፍ ይመስላል።

አቶ ቢያድግልኝ ጭብጨባውን ሰምቶ ፊቱ ተለዋወጠ። ለእሱም ሰው አጨብጭቦለት አያውቅም፣ ከልቡ ማለቴ ነው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ኖሮ ሊጠርገው መነጽሩን አወለቀ።

ያኔ አየው። አስፋልት የለም፣ የመብራት ምሰሶ የለም፣ ሰፊው የመኪና መንገድ የለም። ያለው የተንጋደደ፣ የጎበጠ፣ ስሞች የሞሉበት የድንጋይ ድልድይ ነው። እሱ ራሱ አዲሱ ድንጋይ ላይ ወጥቶ መሃሉ ላይ ቆሟል። ከእግሩ ሥር የገዛ ስሙ ተጽፏል። ወደ ታች ወደ ውሃው ተመለከተና ያ ያልተጨረሰ እርምጃ ምን ሊያደርገው እንደነበር የገባው ይመስለኛል፤ የእታፈራሁን ክንድ ያዘ።

«ይሄ… ይሄ እኮ እውነተኛ ነው» አለ።

«አዎ ጌታዬ።»

«አልቋል?»

ሁላችንም የምንፈራው ይህንን ጥያቄ ነው። ያለቀ ፕሮጀክት ከማእከሉ መዝገብ ይወጣል፤ የወጣ ፕሮጀክት በጀት የለውም፤ በጀት የሌለው ጽሕፈት ቤት ይዘጋል። በዋርካ ሜዳ ታሪክ ያለቀ ነገር ስለሌለ ማንም ይህን ሞክሮት አያውቅም። ኃላፊው አንዲት ቃል ብቻ ቢናገር ደግሞ ያለ ፈቃድ የተሠራው ሁሉ ይፈርሳል። ድንጋዮቹ ወደየሜዳቸው ይመለሳሉ፤ ዘመናይም ማዶ ትቀራለች።

ዘመናይ ግን ፈቃድ አልጠበቀችም። ከማዶ በኩል ባሏን ተደግፋ ድልድዩ ላይ ወጥታለች። ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ድንጋይ ትደገፋለች፣ ደግሞ ትሄዳለች። የዓሣ ፋብሪካው ላይ ስትደርስ ቆማ ከንፈሯን ነከሰች። ሕዝቡ ማጨብጨቡን አቆመ።

የመስኮቷ ድምፅ ከአቶ ቢያድግልኝ የኮት ኪስ ወጣ። «እንኳን ደስ አለዎት ጌታዬ። አረንጓዴ በርቷል። ማእከል የፕሮጀክቱን ደረጃ ይጠይቃል፤ ምን ላይ እንደደረሰ ይግለጹ።»

አቶ ቢያድግልኝ ዘመናይን አየ። ድልድዩን አየ። የእታፈራሁን ፊት አየ፤ እኔ ያን ፊት አይቼ መዋሸትም እውነት መናገርም አልችልም ነበር። ከዚያ መነጽሩን በመሐረቡ ጠረገና ቀስ ብሎ መልሶ አደረገው።

«የመሠረት ድንጋዩ ተጥሏል» አለ።

ውሸት አይደለም። ተጥሏል።

«ግንባታውስ ጌታዬ?»

«በቅርቡ ይጀመራል።»

«እናመሰግናለን» አለች መስኮቷ።

ዘመናይ መሃሉ ላይ ስትደርስ አቶ ቢያድግልኝ ድንጋዩ ጠርዝ ላይ ተጣብቆ አሳለፋት። ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሯል። እናቷ ተቀብላ አቅፋ ስትወስዳት እንኳ አልዞረም። ቆየት ብሎ፣ ለማንም እንዳልሆነ አድርጎ፣ በዝግታ ጠየቀኝ።

«ልጅቷ ተሻገረች?»

«ተሻግራለች ጌታዬ።»

«ጥሩ» አለ። «እኔ ምንም አላየሁም።»

ዘመናይ እናቷ ቤት ደጃፍ ደርሳ ብዙም አልቆየች፤ ሴት ልጅ ወለደች። ገንፎው ላይ ያን ያህል ቅቤ ሲፈስ አይቼ አላውቅም። ድሮኑ አሁን ለሕፃኗ መታወቂያ ይጠይቃል፤ እኛ ግን ድሮን የምንሳፈርበት ምክንያት የለንም፤ ዝናብ ሲዘንብ ድልድዩ ሥር ይጠለላል።

በማእከሉ መዝገብ የአጓት ወንዝ ድልድይ እስከ ዛሬ አልተጀመረም። እኛ በየቀኑ እንሻገርበታለን፣ ከብቶቻችን ይሻገሩበታል፣ የኤሌክትሪክ በሬዎቹም ይሻገሩበታል፣ በዓል ካልሆነ። አንድ ጊዜ ጎሽሜ መሃሉ ላይ «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ ተኝቶ ከጠዋት እስከ ማታ መንገድ ዘግቶብናል።

አረንጓዴ ከበራ ወዲህ የወረዳችን በጀት አድጓል፤ በጀቱ የሚሄደውም ወደ ድንጋይ ነው። መስኮቷ እኔን ስታይ ድምጿ ይለሰልሳል። «ለማስጣል ነው ጋሽ ጓንጉል?» ትለኛለች። ለማስጣል ነው እላታለሁ። ባለፈው ወር የጤና ጣቢያው ድንጋይ ተጣለልን፤ ከዚያ በፊት ሁለተኛው ምዕራፍ፣ ከዚያ በፊት ሦስተኛው፤ ቅደም ተከተሉን ማንም አይጠይቅም። ኃላፊው ስላልተቀየረ ሁሉም አራት ማዕዘን፣ ሁሉም እኩል፣ አንዱ ጎኑ ላይ ለበር መቃን የሚሆን ፍልፍል ያለው ነው፤ ለተሻለ ዕይታ። አቶ ቢያድግልኝም በመጣ ቁጥር «አቤት ጤና ጣቢያ!» ይላል። መኩሪያ ድንጋዩ የሚቀመጥበትን ቦታ በእግሩ ያሳየዋል፤ እሱም በትክክል እዚያው ያሳርፈዋል።

እኔም ሕዝቡን አሰልፋለሁ። አጨብጭቡ ማለት ግን ትቻለሁ። የጤና ጣቢያው ግድግዳ የመስኮት ከፍታ ላይ ደርሷል።